ያንን መንግሥት ማን ገደለው?

ጋሽ ኪዳኔ የተገኙት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ወንበሩ ሁልጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ነበር የሚዞረው፤ ያን ቀን ግን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በረንዳው የመስታወት በር ዞሯል። የኦክስጅን ማሽኑ ጠፍቷል። ቱቦው ከአፍንጫቸው ወልቆ፣ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ፣ የወንበሩ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጃቸው ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ «ገብረ ሥላሴ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2021 የካቲት ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅታይት ከኤርፖርት የጽዳት ሥራቸው ሰባት ሰዓት ላይ ሲመለሱ፣ ላስቬጋስ አጠገብ፣ ሄንደርሰን ከተማ፣ «አንተም» በሚባል ሰፈር ኮረብታ ላይ ያለው ቤታቸው ጭር ብሎ ጠበቃቸው። ሐኪሙ ብዙ አልተጨነቀም። «ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ኮቪድ አድክሟቸዋል» ብሎ ፈረመ። በዚያ ሰሞን ሬሳ ለመቅበር እንኳ ወረፋ ነበር፤ ማን ቆሞ ይጠይቃል?

የጠየቀችው አንድ ልጃቸው ሊሊ ናት። ዓርብ ጠዋት ፍቅረማርያምን አስጠራችው። ፍቅረማርያም አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር፤ አሁን ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል። የተሳፋሪውን ጫማ አይቶ ቲፕ እንደሚሰጥና እንደማይሰጥ ያውቃል እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል፣ እሱም አያስተባብልም።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ ማሽኑ ኦፍ ነበር» አለችው ሊሊ፣ በር ላይ ገና ሳይገባ። «ዳዲ ራሱ ኦፍ አያደርግም። ‹ይሄ ጓደኛዬ ነው› ይል ነበር። ሰው ነው ያጠፋው። ማን እንደሆነ ንገረኝ፣ ፕሊስ። ካላወቅኩ መተኛት አልችልም።»

አንተ ስላለችው ቅር አላለውም፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ያሳሰበው ከጓዳ የመጣው የእናትየው ድምፅ ነው።

«ተዪው ልጄ። እግዚአብሔር ወሰደው።»

ይህን ሲናገሩ ልጃቸውን አላዩም። ፍቅረማርያም ልብ አለ።

ጋሽ ኪዳኔ እንዲሁ ዝም ብሎ የሚሞት ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ታሪክ ተምረው፣ በሰማንያዎቹ በስደት ላስቬጋስ ገብተው፣ ሠላሳ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ ኖረዋል። ካዚኖዎቹ ተዘግተው አበሻው ሁሉ የሥራ አጥ ክፍያ ሲጠብቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በስልክ ትምህርት ጀመሩ። ርእሱ አንድ ነው፤ በፈረንጆቹ 1928 በርሊን ላይ አምስት ፓርቲዎች ተጣምረው ያቆሙት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1930 የወደቀው መንግሥት። የወንጀል ምርመራ አድርገው ነበር የሚተርኩት።

«ሟቹ መንግሥቱ ነው» ይላሉ። «ተጠርጣሪዎቹ አምስት ናቸው። የተጣሉት በምን ይመስላችኋል? በሥራ አጥ መድን መዋጮ! ከመቶ ሦስት ተኩል ይሁን ወይስ አራት? በግማሽ ፐርሰንት አገር ፈረሰ!»

አርባ ሥራ አጥ በየስልኩ «ኧረ በሕግ!» ይላል። ማን ገደለው የሚለውን ግን ለመጨረሻው ቅዳሜ አቆይተውት ነበር።

የሚመሩት እድርም እንደዚያው ጥምረት ነበር። አምስት የተኳረፉ እድሮችን ለምነው፣ ተቆጥተው፣ አንድ አድርገዋል። ምክትላቸው ሲራክ የሚባል የልብ ወዳጃቸው ነው። «ጀርመኖቹ ሽትሬዘማን ነበራቸው፤ እኔ ሲራክ አለኝ» ይሉ ነበር። ሽትሬዘማን የራሱን አስቸጋሪ ፓርቲ ጥምረቱ ውስጥ ይዞ ያቆየ ሚኒስትር ነው፤ እሱ ሲሞት የሚይዘው ጠፋ። ባለፈው እሁድ እድሩም ወደቀ። በወር መዋጮ ላይ አምስት ዶላር ይጨመር፣ አይጨመር በሚል በዙም ተጯጯሁና ጸሐፊዋ የሺሃረግም፣ የታክሲ ነጂዎቹ ተወካይ ጥላሁንም ለቀቁ። በአራተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ ሞቱ።

ፍቅረማርያም ቤቱን ዞረ። ማሽኑ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ገመዱ አልተነቀለም፣ የጠፋው በማብሪያ ማጥፊያው ነው። በረንዳው በር አጠገብ ሳህን ላይ ሁለት ጣት ያህል የነደደ ጧፍ አለ። ፍሪጁ ላይ በሴት እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «እሳት ከመለኮስዎ በፊት ማሽኑን ያጥፉ። አደጋ አለው።» ጠረጴዛው ላይ የቅዳሜው ትምህርት ማስታወሻ ደብተር ተከፍቶ ነበር። አነበበውና ከደነው። የሟቹ ስልክ ግን የትም አልነበረም።

«ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?» አለ።

«ኔቨር» አለች ሊሊ። «እሱ ነው አይደል? እሱ ነው የመጣው!»

መጀመሪያ የሄደው የሺሃረግ ዘንድ ነው። ማስኳን ሳታወልቅ በር ላይ አነጋገረችው።

«ሐሙስ ሄደሽ ነበር?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። አጥሚት ወሰድኩላቸው፣ ቁልፍ አለኝ። ማሽኑ እየሠራ ነበር፣ በእመብርሃን!»

«ተጣልታችሁ አልነበር?»

«በእድር ነው እንጂ ከእሳቸው ጋር በምን እጣላለሁ? የማሽኑን መመሪያ እንኳ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ መልሼ የለጠፍኩላቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ምን ይሉኛል... ‹ሲራክ እንዴት ነው?› አሉኝ።» ዓይኗን ወደ መኪናዋ መለሰች። «ይሻለዋል አልኳቸው።»

ጥላሁንን ያገኘው አየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነው። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ አውሮፕላን የለም።

«አምስት ዶላር ለማን ከበደች ይሉኛል!» ብሎ ጀመረ ጥላሁን፣ ሳይጠየቅ። «ሾፌሩ ኪሱ ባዶ ነው! ይህን ብናገር ጠላት ተባልኩ!»

«ሐሙስ ጋሽ ኪዳኔ ዘንድ ሄደህ ነበር? ለምን?»

«ይቅርታ ልላቸው። ቤት አልገባሁም፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በመስታወቱ በር ነው ያወራነው። ለጸሎት ጧፍ ከቤተ ክርስቲያን አምጣልኝ ብለውኝ ነበር፣ እሱን ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነበር። ‹ግድ የለም፣ ሲራክ ከሆስፒታል ይውጣና ያስታርቀናል› አሉኝ።» ድምፁ ወረደ።

ፍቅረማርያም ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየው። ከዚያ «ሲራክ መቼ ሞተ?» አለው።

ጥላሁን መሪውን ጨበጠ። «ማን ነገረህ?»

«አንተ። ስለ አምስት ዶላር ትጮሃለህ፣ ሲራክ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ያጥርሃል። የሺሃረግም እንዲሁ ናት።»

«እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ኮቪድ። ገና አልተቀበረም። ጋሽ ኪዳኔን ደብቀናቸው ነበር። በዙሙ ላይ ‹ሲራክስ?› ሲሉን ‹ስልክ ማንሳት አልቻለም› አልናቸው። እስከዚያ ትንሽ ይጠነክራሉ ብለን፣ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን መርዶውን ልንነግራቸው ነበር።»

«የክርስትና ስሙን ታውቃለህ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ኪዳኔ ናቸው የሚያውቁት፣ የወንድ ልጁ የክርስትና አባት ስለሆኑ።»

ፍቅረማርያም ለሲራክ ባለቤት ለመዓዛ ደወለ። አልቅሳ ስትጨርስ ጠየቃት። «ገብረ ሥላሴ ነው» አለችው። «ለፍትሐት ካልሆነ ማን ይጠራበታል!»

ማምሻውን ወደ ጋሽ ኪዳኔ ቤት ተመልሶ ወይዘሮ ብርቅታይትን ለብቻቸው አገኛቸው። «የጋሽ ኪዳኔ ስልክ እርስዎ ዘንድ ነው» አላቸው።

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ከዚያ ስልኩን አውጥተው፣ ከፍተው፣ ሰጡት። እስኪያነብ ድረስ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆሙ።

«ይህን አይንገሩብኝ» አሉ። «አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። እሱ ሄዷል፣ አይመለስም። እሷን አይንኩብኝ፣ እባክዎ!»

ፍቅረማርያም ስልኩን መለሰላቸው። ያን ያህል ዓመት ሲመረምር ኖሮ፣ መልሱን ካወቀ በኋላ እንዲህ እጁ ታስሮ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርቱ ይሰጥ በነበረበት ሰዓት፣ በረንዳው ላይ ወንበር ተራርቆ ተደረደረ። ሊሊ፣ እናቷ፣ ጥላሁንና የሺሃረግ ተቀመጡ። ፍቅረማርያም ቆመ።

«ማሽኑን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው» አለ።

ሊሊ ብድግ አለች። «ኖ! ዳዲ ራሱን አይገድልም!»

«አልገደሉም። ቁጭ በይ፣ በየተራው እነግርሻለሁ። ቱቦው ተጠቅልሎ ነበር፤ የሚጠቀልለው መልሶ ሊያደርገው ያሰበ ሰው ነው። ወንበሩን ወደ ምሥራቅ ያዞሩት ለጸሎት ነው። ጥላሁን ያመጣው ጧፍ ነዷል። የየሺሃረግ ወረቀት ደግሞ እሳት ከመለኮስዎ በፊት ማሽኑን ያጥፉ ይላል። አባትሽ የተጻፈ ነገር የሚያከብሩ ሰው ናቸው። አጠፉ፣ ለኮሱ፣ ጸለዩ፣ ጧፉንም እፍ ብለው አጠፉት። ማሽኑ ግን ሁለት እርምጃ ይርቃል። ይህ በሽታ አየር ሲያንስ አያስታውቅም፤ ደከማቸው፣ አረፍ አሉ፣ በዚያው ቀሩ።»

«ገብረ ሥላሴስ?»

«የሲራክ የክርስትና ስም ነው። ለሞተ ሰው የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ...» ብሎ ቆመ። ማለት ያልፈለገውን ማለቱ ገባው።

ሊሊ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች። «ዌይት። ዳዲ አንክል ሲራክ እንደሞተ አያውቅም ነበር?»

«ደብቀናቸው ነበር የኔ ልጅ» አለች የሺሃረግ። «መርዶ እንዲህ በችኮላ አይነገርም። ለታመመ ሰው ደግሞ ጨርሶ!»

«እና ማን ነገረው?»

ወይዘሮ ብርቅታይት ፍቅረማርያምን አዩት። በምርመራ መዝገብ ላይ ውሸት ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ዋሸ።

«ማንም። ሲራክ እሁድ ከዙሙ ሲቀር ጊዜ ራሳቸው ደረሱበት።»

ሊሊ የጋሽ ኪዳኔ ልጅ መሆኗን ግን ረስቶታል።

«እሁድ ካወቀ ጧፉን ለምን ሐሙስ ያበራል?» አለች ቀስ ብላ። ወደ ጥላሁን ዞረች። «አንተ ሐሙስ ምን አለህ?»

ጥላሁን መዋሸት አልሆነለትም። «ሲራክ ያስታርቀናል አሉኝ።»

«ሦስት ተኩል ላይ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ማን መጣ?»

«ማንም» አለ ፍቅረማርያም።

«ማንም ካልመጣ፣ ስልክ...» አለች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «የአንክል ሲራክ ሴት ልጅ ኢንስታግራም ላይ ፎቶ አደረገች። ሥራ ቦታ ሆኜ አየሁ። ዳዲ አዝኗል ብዬ ቴክስት አደረግሁለት። አይዞህ ለማለት! ማሚ፣ እኔ ነኝ?»

ወይዘሮ ብርቅታይት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«ለምን ለኔ አልነገራችሁኝም? ሲክሬት መሆኑን ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የሺሃረግ ነግራታለች ብዬ» አለ ጥላሁን።

«እናቷ ሳትነግራት ትቀራለች ብዬ አላሰብኩም» አለች የሺሃረግ።

«ያን ሳምንት በሙሉ ኦቨርታይም ነበርኩ» አሉ ወይዘሮ ብርቅታይት። «በስልክ ከምነግራት ስትመጣ እነግራታለሁ እያልኩ... ወይኔ! ወይኔ ልጄ!»

ፍቅረማርያም ደብተሩን አነሣ። የሚያደርገው ሌላ ነገር ስለጠፋው ነው ያነሣው።

«የዛሬው ትምህርት ይኸ ነበር» አለ። «‹ማን ገደለው?› ብለው ጽፈው፣ ከሥሩ ‹አምስቱም ለየወገናቸው ደግ መስሎ የታያቸውን ሠሩ፤ እኔ ከመካከላቸው የምቀጣውን ሰው ሃምሳ ዓመት ፈልጌ አጣሁ› ይላል።»

ሊሊ የሰማችው አልመሰለም። እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። እናትየው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ልጅቷ እጇን አልመለሰችም፣ በመጨረሻ ስልኩን ሰጧት።

መልእክቷ እዚያው ነበር፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የገባ፦ «ዳዲ፣ አንክል ሲራክ በመሞቱ በጣም አዘንኩ። አይዞህ። አይ ላቭ ዩ።» ከሥሩ፣ መጻፊያው ሳጥን ውስጥ፣ ተጽፎ ያልተላከ ነገር ነበር። አባቷ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉላት አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈውታል። እየተንተባተበች ጮክ ብላ አነበበችው።

«ልጄ፣ እንኳን ነገርሽኝ። እነሱ ደብቀውኝ ነበር፣ ስለዚህ እኔ ነገርኩት ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ይቆጡሻል። ራሴ ደረስኩበት እላቸዋለሁ። ለሲራክ ጧፍ ላብራና እደውልልሻለሁ።»

የሺሃረግ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ጥላሁን ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

ሊሊ የአባቷን ስልክ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ መላኪያውን ነካችው፣ የጃኬቷ ኪስ ውስጥ የነበረው ስልኳም ጮኸ።