ከኢስትሊ የገዛሁት ማንበቢያ

እኔ በመንፈስ ይቅርና በሐኪምም ብዙ የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኋላ «ሽማግሌው ጃጀ» እንዳትለኝ፤ መጃጀቱንማ ጃጅቻለሁ፣ መነጽሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘሁበት ቀን አለ፣ ግን ይሄኛው ሌላ ነው። ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ ሌሎቹ ሬሳ የሚያርፍበት ክፍል አንገባም ብለው ሲሸሹ እኔ የሬሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ምሳዬን በልቻለሁ፤ እርግጥ ሣጥኑ ባዶ ነበር፣ ይህንን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ የሆነው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቴ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶኝ ፊደል ሁሉ እንደ ጉንዳን ይተራመስብኝ ነበር፣ ስለዚህ ጋዜጣውንም፣ የባንክ ወረቀቱንም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእህቴን የፋናዬን ደብዳቤ የሚያነብልኝ ተካ ነው። ተካ በመጋዘኑ አብሮኝ የሠራ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ እሁድ እሁድ ጃንጥላውን አንጠልጥሎ ከች ይላል። ፋናዬ የምትኖረው አሰላ ነበር፣ ጆሮዋ ስለከበደ ስልክ አይሆንላትም፣ ወደ ናይሮቢ የሚበር ሰው ስታገኝ ደብዳቤዋን በእጅ ትልካለች፣ ተካ እዚያው ኢምባካሲ ስለሚኖር ከመንገደኛው ይቀበላል፣ ይዞልኝ ይመጣል፣ ይከፍታል፣ ያነባል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። የመጨረሻውን ሲያነብልኝ «ደህና ነኝ፣ ዘንድሮ ካልተመቸህ ለመምጣት አትድከም» ይላል፣ እኔም አልደከምኩም፣ ሰነፍ ነኛ። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቷ ደውላ መቀበሯን ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት በነቃሁ ቁጥር ራሴን የማጽናናው በዚያች ቃል ነው፣ «እሷ ራሷ አትድከም ብላኛለች» እያልኩ።

ታዲያ አንድ ሰሞን ፊደል እንደ ልብ የሚያሳድግ፣ ብዙ መጽሐፍ በአንድ ስስ ሰሌዳ የሚይዝ ማንበቢያ ኢስትሊ ገበያ ገብቷል ሲባል ሰማሁ። ያን ጊዜ ገና ብርቅ ነበር። ተካን ይዤ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፈርን፣ መንገዱን ሙሉ አኩርፏል።

«እኔ እያለሁልህ ማሽን ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

«አንተ ስታነብ ታዛጋለህ፣ ማሽን አያዛጋም።»

«ማሽን ይበላሻል።»

«ያንተስ ወገብ?»

ባለሱቁ ሙስጠፋ የሚባል የሞያሌ ሰው ነው፣ ሱቁ የበር ስፋት ናት፣ ስልክና ገመድ ከጣሪያ እስከ ወለል ተንጠልጥሎባታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሪፈርቢሽድ ነው፣ ሰው የተጠቀመበት፣ ተከፍቶ ታድሶ የመጣ ማለት ነው። ከአዲሱ ይሻላል።»

«እኔም ያገለገልኩ ነኝ፣ ከአዲሱ ይሻላል ያለኝ ሰው ግን የለም።»

«ዋላሂ፣ ባትሪው ሳምንት ይቆያል። የራሱ ቻርጀር የናይሮቢ ሶኬት ውስጥ አይገባም፣ ባለ ሦስት እግሩን በርካሽ እሰጥዎታለሁ፣ የቆዳ ማቀፊያውን በነፃ ይውሰዱት።»

«አማርኛ ያነባል?»

«አማርኛ ምን የተለየ ነገር አለው ጋሼ? ፊደል ፊደል ነው!»

በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ከፈተልኝ፣ እመነኝ፣ እያንዳንዱ ፊደል አውራ ጣቴን ያክላል፣ እንባዬ መጣ፣ እንባዬ ሲመጣ ደግሞ መከራከር አልችልም፣ ሙስጠፋም ይህን አይቷል። ከኮምፒውተሩ አምስት የአማርኛ መጻሕፍት ጫነልኝና ተመለስን። ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ብከፍት፣ ሳጥን። ከላይ እስከ ታች ባዶ ትንንሽ ሳጥን፣ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ተደርድሮ። ሁለተኛው ሳጥን፣ አምስተኛውም ሳጥን። ተካ እስኪያስለው ሳቀ። ሙስጠፋ ጋ ብደውል «ጋሼ፣ አንድ የጎደለው ነገር አለ፣ ኢንሻአላህ ይመጣል፣ እስከዚያ በእንግሊዝኛው ይጫወቱ» አለኝ። ተከዳሁ ብዬ ሳምንት አኮረፍኩ፤ ክህደት ምን እንደሆነ መች አውቄ!

ከዚያ የቻርጀሩ ጣጣ መጣ። ርካሹ ቻርጀር አረንጓዴ መብራት አለው፣ ሲሰካ ዝዝዝ ይላል፣ ሰው በአፍንጫው እንደሚያንጎራጉር ያለ ድምፅ፤ የግድግዳውን ማጥፊያ ስጫነው እንኳ ጥቂት ዝዝዝ ብሎ ነው የሚያቆመው። ርካሽ ዕቃ ነው፣ እንደ እኔ እልኸኛ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ መብራት ጠፋ። ራዲዮው ዝም አለ፣ ማቀዝቀዣው አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ፣ ፎቁ ሁሉ ዝም አለ። ቻርጀሩ ግን ዝዝዝ ይላል። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። የቀረ ኤሌክትሪክ ይሆናል አልኩ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፣ አልቆመም። ቀጥሎ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የማንበቢያው ገጽ መግለጫ ቁልፍ ሲጫኑት የሚያሰማው ያ ድምፅ ነው። አይጥ ነው አልኩ። ቅጭ። ሰሌዳው ጥቁር ብሎ ነጣ፣ ገጽ ሲገለጥ እንደሚያደርገው። ቅጭ። ማንም አልነካውም፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ተነስቼ ገመዱን ነቀልኩት፣ ዝዝዝታው ቆመ፣ ዕቃውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሳጥኖቹ እየሞሉ ነበር። እንዴት ልበልህ፣ ባዶ ቤቶች ውስጥ ሰው ሲገባ በመስኮት እንደምታይ፣ አንዱ፣ ቀጥሎ ያለው፣ ቀጥሎ ያለው። አማርኛ። አውራ ጣት የሚያካክል አማርኛ።

«አንተ ዝንጀሮ ወንድሜ» ይላል መጀመሪያው።

እንዲህ ብላ የምትጠራኝ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ነበረች። ተካ ሲያነብልኝ ግን ሁልጊዜ «ይድረስ ለውድ ወንድሜ» ነበር የሚለው፣ እኔም እርጅና አለዘባት ብዬ ነበር።

«ሐኪሞቹ እኔን ትተው ለጎረቤቴ ይነግሯታል፣ ጆሮዬ ቢከብድም ፊታቸውን አነባለሁ። የቀረኝ የሚቆጠር ቀን ነው። ሥራ በዛብኝ ብለህ እንዳትዋሸኝ፣ ጡረታ መውጣትህን አውቃለሁ። ና። አፈር ሳልገባ ፊትህን ልየው። በሩን አልዘጋም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሰሌዳው ግርጌ በትንሹ፣ ከዐሥራ አራት ገጽ አንደኛው ነው የሚል ቁጥር አለ። ጣቴ መግለጫው ቁልፍ ላይ እያለ በሩ ተንኳኳ፣ ተካ ነው፣ ጃንጥላው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጋዜጣውን በብብቱ ይዟል።

«ምነው ፊትህ? ሞትክ እንዴ?» አለኝ።

«ገና ነኝ። እስቲ ይህን አንብብልኝ።»

መነጽሩን አደረገ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ሰሌዳውን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አይቻለሁ፣ ሞራ ያለበት ዓይኔም ይህን አይስትም። ከዚያ መለሰልኝ።

«ሳጥን ብቻ ነው» አለ።

ባየው እውነትም ሳጥን ብቻ ነው። እሺ፣ እኔ ጃጅቻለሁ እንበል። ግን የተጻፈውን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ከመጀመሪያው ስድብ እስከ መጨረሻው በር ድረስ ፊት ለፊቱ ቆሜ አልኩለት። ጋዜጣው ከብብቱ ወደቀ።

«ቀድጄ ጥዬዋለሁ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ነገረህ?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ!»

«ዓይንህን ልትታከም ቀጠሮ ይዘህ ነበር…»

«ተካ!»

«ከሄድክ አትመለስም ብዬ ነው። እዚህ አገር ከአንተ ሌላ ማን አለኝ? ትድናለች ብዬ ነበር ደግሞ፣ ቀጥሎ ስትጽፍ አነብለታለሁ ብዬ…»

ልስደበው ፈለግሁ፣ ስድቡ አልመጣም፣ ሠላሳ ዓመት ስንሰዳደብ ጨርሰነዋል መሰለኝ። በሩን ሳትዘጋ ስትጠብቀኝ የነበረች ሴት ነች፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ እግሬን ሰቅዬ ራዲዮ እሰማ ነበር። ተካ ማንበቢያውን ሲያየው እባብ የሚያይ ነው የሚመስለው።

«ሌላስ?» አለኝ። «ሌላስ ምን አሳየህ?»

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። ሌላ ያየሁት ምንም የለም፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ግን ላስጨንቀው አሰኘኝ፣ ሰባ ዓመት ያልለቀቀኝ ተንኮል ነው፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ሁሉንም» አልኩት።

ወንበሩን ይዞ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እንግዲያው ስለ ልጁም ታውቃለህ» አለ።

ሁሉንም አውቃለሁ ብዬ የትኛው ልጅ ብዬ ልጠይቀው? ዝም አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው ዝም አልኩ፣ እሱም ራሱን ነቅንቆ ጃንጥላውን እንኳ ሳይዝ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። በማግስቱ ኢምባካሲ ሄድኩ፣ ክፍሉን ለቅቋል፣ ስልኩ አይነሳም። የፋናዬን ጎረቤት ደውዬ ብጠይቃት «የምን ልጅ?» አለችኝ፣ ከማለቷ በፊት ግን ረጅም ዝምታ ነበር፣ ወይም መስመሩ ነው፣ አላውቅም። ሙስጠፋ ዕቃውን ከፍቶ አገላብጦ አየው፣ አምስቱ መጻሕፍት ብቻ ናቸው ያሉበት፣ የዐሥራ አራት ገጽ ነገር የለም አለኝ፣ ገንዘቤን ልመልስልዎት ብሎ ለመነኝ፣ እምቢ አልኩት።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር እሰካውና ፊቱ እቀመጣለሁ፣ የቀረው ዐሥራ ሦስት ገጽ ይሞላ እንደሆነ ሳጥኖቹን እያየሁ፣ የፋናዬ ልጅ ይሁን የእኔ፣ የሞተ ይሁን ያለ፣ ስንት ዓመቱ ይሁን እያልኩ።