ከሎሚው ሥር የተቆፈረው አፈር

በአማና፣ ማለትም በአደራ፣ የተቀበልነውን ነገር ዋጋ የምንተምነው እኛ አይደለንም፤ ዋጋውን የሚያውቀው የሰጠን ሰው ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ምን እንደሚያገኘው በሙጂብ ታይቷል።

አሻ የከረጢቱን ስፌት በጥርሷ በጥሳ አፉን ወደ መቃብሩ ስትዘቀዝቀው፣ የፈሰሰው ነጭ አሸዋ ነበር።

ሙና ዓይኗን አላመነችም። ከአሸዋው ጋር ጥፍር የምታህል ዛጎል ወርዳ በመቃብሩ የራስጌ ድንጋይ ላይ ቀጭ አለች። የአሻ እጅ በአየር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አሻ። «ይሄማ የዚሁ የባሕር ዳር አሸዋ ነው! እኔ ከከሚሴ አጠገብ፣ ጨፋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጨፋ ጥቁር አፈር ይጠፋኛል እንዴ?»

ከረጢቱን ሙና በደንብ ታውቀዋለች። ከአንድ ወር በፊት፣ ከከሚሴ በተነሡበት ጧት፣ በገዛ ቀኝ እጇ ተቀብላዋለች። ያን ጊዜ እርሷና የአክስቷ ልጅ ሙጂብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ጨርሰው የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ይጠባበቁ ነበር። አባቷ ጋሽ ዩሱፍ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። «ሠላሳ ዓመት ባሕርን በካርታ አስተማርሁ፤ ሳላየው ልሙት?» ብለው፣ ሁለቱን ልጆች የጀርባ ቦርሳ አሸክመው የጅቡቲን የባሕር ጠረፍ በእግር ለአምስት ሳምንት ሊያሳዩአቸው ተነሡ።

በከሚሴ ሩቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ጎረቤት አማና ያሲዘዋል፤ ተቀባዩም በቀኝ እጁ ይዞ፣ ሰው እየሰማ፣ «ተቀብያለሁ» ይላል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘይና ያመጡት ሦስት ኪሎ የሚሆን አፈር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው ሙሀመድአሚን ባሕሩን ሊሻገር ሲል ጀልባው ተገልብጦ ሞቷል። ኦቦክ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ መቀበሩን የነገረቻቸው፣ እዚያ ዓሣ አጥማጅ አግብታ የምትኖረው አሻ ናት። አፈሩን የቆፈሩት ልጃቸው በሕፃንነቱ ከደጃፋቸው ከተከለው ሎሚ ሥር ነው፤ ከረጢቱንም የሰፉት ከሸሚዙ እጅጌ ነው።

«ሸሁ ይህ ሱና አይደለም፣ ሃይማኖታችን አላዘዘውም ብለውኛል» አሉ እትዬ ዘይና። «አውቃለሁ። ግን ልጄ ያለው በሰው አገር አሸዋ ውስጥ ነው። ከደጁ ትንሽ ይልበስ ብዬ ነው።»

«ተቀብያለሁ» አለች ሙና።

ሦስት ሳምንት ተሸከመችው። ታጁራ ከተማ ሲደርሱ ግን ተረከዟ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ እስከ ኦቦክ ደግሞ የስድስት ቀን መንገድ ነበር።

«ስጪኝ እባክሽ!» አለ ሙጂብ። «እንዳረጀች ግመል እያነከስሽ ከመሬት ልትወድቂ ነው።»

«አማና መሆኑን አትርሳ።»

«ቶሌ፣ ቶሌ! እሺ፣ ተቀብያለሁ። ወላሂ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወደ አሸዋ አገር አፈር ይዞ መሄድ! ኤክስፖርት ጀመርን ማለት ነው?»

ሙና ሳቀች። ያን ሳቋን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው።

መንገዱ ያማረ ነበር። በግራቸው እሳት የላሰው የሚመስል ጥቁር ተራራ፣ በቀኛቸው ባሕሩ አብረዋቸው ይጓዛሉ። ባሕሩ ጧት ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ይነጣል፤ ረፋድ ላይ ይለመልማል፤ ቀትር ሲሆን ሰማዩ ራሱ የገረጣ እስኪመስል ድረስ ይጠቁራል። አንድ ጊዜ ዶልፊኖች ከጀልባ ቀድመው ሲዘሉ አዩ፤ ጋሽ ዩሱፍ እንደ ሕፃን ልጅ አጨበጨቡ። ሙጂብ ከሁሉም ፊት ፊት እያፏጨ ይሄዳል። ሦስት ኪሎ ተጨምሮበት እንዲህ መፍጠኑ ሙናን አስገርሟት ነበር፤ ጉልበቱንም አደነቀች።

አሁን በመቃብሩ አጠገብ ቆማ ወደ እርሱ ዞረች። ጋሽ ዩሱፍ ዳቦና ውሃ ሊገዙ ወደ ከተማው ሄደዋል። ሙጂብ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«ሙጂብ?»

«አፈር እኮ ነው፣ ሙኒ» አለ በመጨረሻ። «ከታጁራ በወጣን በሁለተኛው ቀን፣ ያ ክፉ ዳገት ላይ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። ስፌቱን ፈትቼ ደፋሁት። ትናንት ከባሕሩ ዳር ሞላሁና መልሼ ሰፋሁት። ማን ይከፍተዋል ብዬ?»

ሙና አስታወሰች። ትናንት ማታ «ሱሪዬ ተተረተረ» ብሎ መርፌና ክር የተዋሰው ከእርሷ ነው። አሸዋው የልጁን እጅጌ ሞልቶ የተሰፋው በእርሷ መርፌ ነው። ዓይኗ ወደ ጀርባ ቦርሳው ሄደ፤ ሙዚቃ የሚሰማበት ትልቁ ስፒከር ከጎኑ ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ስፒከሩ አልከበደህም?» አለችው።

ሙጂብ ስፒከሩን በእጁ ሸፈነው።

በዚያው ቅጽበት የአሻ ስልክ ጮኸ። አሻ ቁጥሩን አይታ «ዘይና ናት። ከዐስሩ የከሰዓት ሶላት በኋላ እደውላለሁ ብላኝ ነበር» አለች።

ሙጂብ የሙናን ክንድ ያዘ። «ደረሰ በያት! አንዲት ቃል ናት። ምን ትጎጃለሽ? እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። እውነቱ ማንን ይጠቅማል?»

«እኔ ዘይናን ዋሽቻት አላውቅም» አለች አሻ። «ሞቱንም ቢሆን አልደበቅኋትም። አማናውን የተቀበልሽው ግን አንቺ ነሽ።» ስልኩን ሰጠቻት።

«ሙኒ ልጄ! አልሐምዱሊላህ፣ ደረሳችሁ? አፈሩን ከራስጌው አደረጋችሁት ወይስ ከግርጌው?»

ቀላሏ ቃል በከንፈሯ ላይ ነበረች። «ከራስጌው» ብትል ነገሩ ሁሉ በዚያው ያልቃል።

«እትዬ፣ እኛ ደርሰናል፤ አፈሩ ግን አልደረሰም። እግሬን ሲያመኝ ለሙጂብ ሰጠሁት። ሙጂብ መንገድ ላይ ደፋው፤ ከረጢቱንም አሸዋ ሞላበት። ከእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ከከሚሴ አውራ ጎዳና የሚያልፍ ባጃጅ ጡሩንባ ብቻ ተሰማ። ሙና እርግማን ጠበቀች፤ ለቅሶም ጠበቀች።

«የት ላይ ደፋው?» አሉ እትዬ ዘይና።

ሙና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ወደ ሙጂብ አዞረችው።

«ዳገቱ ላይ ነው፣ እትዬ... ድንጋይ ነበር... ቦታውን አላስታውሰውም።»

«አላስታውሰውም» ብለው ደገሙት እትዬ ዘይና፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ስልኩም ተዘጋ።

ጋሽ ዩሱፍ ዳቦውን እንደያዙ ሁሉንም ሰሙ። አልጮኹም። ከጉዞው ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ዋና ሊዋኙ፣ በጀልባም ሊሄዱ አስበው ነበር። ጋሽ ዩሱፍ «ሽርሽሩ አበቃ» አሉና መንገዱን ወደ ኋላ መለሱት። የሁሉንም ውሃ ሙጂብ ተሸከመ። ዳገቱን ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ በድንጋይ ፈለጉት። ነፋስ ወስዶታል፤ አልተገኘም።

ከሚሴ በገቡ ማግስት እትዬ ዘይና ከሎሚው ሥር እንደገና ቆፈሩ። ሁለተኛው እጅጌ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሙጂብ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«እኔ አደርሰዋለሁ፣ እትዬ። ተቀብያለሁ።»

እትዬ ዘይና ከረጢቱን በተዘረጋው እጅ በላይ አሳልፈው ወደ ሙና አቀበሉ። ሙና እንደ መጀመሪያው ጊዜ አልፈጠነችም። በእጇ ይዛ ክብደቱን ለካች፤ ዳገቱን አሰበች፤ ተረከዟን አሰበች። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ የቀራት ሁለት ሳምንት ነው፤ የሚቀጥለው ረጅም ዕረፍት ወዴት እንደሚሄድ አወቀች።

«ተቀብያለሁ» አለች።

ሙጂብን የሰደበው የለም፤ የመታውም የለም። ነገር ግን በከሚሴ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። በአቅራቢያው በምትገኘው በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ሰዎች መስኮቱን እያንኳኩ ለእናት የተገዛ መድኃኒት፣ ለእህት የተረሳ ቁልፍ ለማያውቁት ተሳፋሪ ሁሉ ያቀብላሉ። ሙጂብ የተቀመጠበትን መስኮት ግን ያልፉታል። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድም ሰው አማና ሰጥቶት አያውቅም።