ውሃ የከለከለው ሰው

ያን ቀን «አግቢኝ» ያለኝን አሰልጣኝ «እሺ» ልለው ነበር የወጣሁት። እሱ በሚያሰለጥንበት የሩጫ ክለብ ማሊያ የማጥበው እኔ ነኝ። እሱ የቆሸሸውን ልብስ ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ተሸክሞ ማጠቢያ ክፍሌ ድረስ ያመጣል። «አሰልጣኛችን ካልሲ ማጠብ ሊማር ነው» እያሉ ሯጮቹ ይስቁበታል። እኔም እስቅ ነበር።

ሜዳው ዳር ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት የእህቴ ልጅ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች ትሮጣለች። ወዲያው ተዘረረች።

ሮጬ ስነካት እንደ ካውያ ታቃጥላለች። ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«አንቺ ማነሽ?» አለችኝ።

ክው አልኩ።

«ውሃ አልጠጣችም እንዴ?»

«አሰልጣኙ ከልክሎን እኮ ነው!» አለች ጓደኛዋ እያለቀሰች። «የመጨረሻው ዙር ሳያልቅ ውሃ እግር ያስራል ይላል።»

አሰልጣኙ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ልጅቷን አፈፍ አድርጎ ወደ ማጠቢያ ክፍሌ ሮጠና ከነልብሷ ከነጫማዋ ማሊያ የምዘፈዝፍበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከራት። አንገቷን ደግፎ «በረዶ አምጡ! አምቡላንስ ጥሩ!» እያለ ይጮሃል። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ልጄን ሊገድልብኝ የነበረውም፣ የሚያድናትም፣ የምወደውም አንድ ሰው ነው። ጭንቅላቴ አልቀበል አለኝ።

ሆስፒታል ገብታ «አክስቴ» ስትለኝ ነው የተነፈስኩት።

ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጦ አገኘሁት።

«እኔንም እንዲሁ ነበር ያሰለጠኑኝ» አለ። «ስለተረፍኩ ልክ መሰለኝ።»

«አንተስ ተረፍክ። እሷ ባትተርፍስ?»

ከመሬት ተነሳ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ለልጆቹ ወላጆች ሁሉ ራሴ እነግራለሁ።»

«ዛሬ እሺ ልልህ ነበር የመጣሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲቆም ጠይቀኝ።»

በጋው ሙሉ ልምምዱ ንጋት ላይ ሆነ። አዲስ የመጣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይለምዳል፣ ራሱን ያዞረው ጥላ ስር ይቀመጣል፣ የጠማው ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠጣል። ልጄም ሐኪሙ እሺ ሳይላት ሜዳ አልረገጠችም። እሱ በየጠዋቱ ደጃፌ ላይ ይቆማል።

«እጅሽ ቆመ?»

«አልቆመም።»

አንድ ጠዋት ልጄ ሰማችን። «አክስቴ፣ ትናንት አንዴ ብቻ ሞክሮ በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባው የማን እጅ ነው?»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ አየኝ። እኔም አየሁት።

«ከቆመማ ቆይቷል» አልኩት። «መጠየቅህን ወድጄው ነው።»