ረቡዕ የቀረበ ጭኮ

ከሰኞ ገበያ ሰፈር ሰው ሁሉ የሰው ሆድ ጠባይ ጠንቅቃ የምታውቅ መዲና ነበረች፤ ይህን የምትለው ራሷ መዲና ናት። «ሰው በሆዱ የሚበላ መስሏችኋል? በዓይኑ ነው!» ትላለች ቦኖ ውሃ ላይ፣ ወረፋውን ረስታ። ሐኪም ክብደት ይቀንሱ ያላቸውን አሠሪዋን አቶ ደጉን የምታከሳው እሷ ናት። ጎመኑን ክንዳቸው ሥር፣ በቅቤ የታሸውን የገብስ ጭኮ ቁምሳጥን አናት ላይ ታስቀምጣለች። ከመደቡ መነሣት የሚታክታቸው አቶ ደጉ እጃቸው የደረሰበትን እየበሉ ቀበቶው ሰፋቸው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አቶ ደጉ መደቡ ላይ ሞተው ተገኙ። ክንዳቸው ሥር ጎመን የለም፤ ጥጉ የተቆረሰ ጭኮ ነው ያለው። ፍርፋሪውን የለቀመች ዶሮ ደጃፍ ላይ ተዘርራለች።

አብዮት ጥበቃዎች በሩንም መስኮቱንም ዘጉት። ከሬሳው ጋር ሦስት ሰው ታፍኖ ቀረ፤ መዲና፣ የሟች ባለቤት እትዬ አረጋሽ፣ ከኮምቦልቻ መጥቶ የተጠለለው የሟች ወንድም ልጅ ሞላ።

«ምግቡን የምታስቀምጠው እሷ ናት» አለ ሞላ። «አገር ያወቀው ነው!»

አገር ያወቀው ከራሷ አፍ ነው። መዲና በበሩ ስንጥቅ የጠመንጃ አፈሙዝ አየችና ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ እንየው ገብቶ ማንንም ሳያናግር የሟችን ጣቶች አሸተተ።

«ጭኮውን ማን አወረደው?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለች መዲና።

«እትዬ አረጋሽ፣ ትናንት ጠብ ነበር?»

«ምን ጠብ አለ! ደጉ ሞላን ‹ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርተህ እኔ ቤት አትደበቅም፤ ነገ ማታ ቀበሌ አስረክብሃለሁ› አለው እንጂ።»

«አቶ ደጉ ዛሬስ ምን ቀመሱ?»

«ጾሙን የፈታው በተልባ ነው። ሞላ በጥብጦ ሰጠው፤ ብርጭቆውንም አጠበልኝ። ዕቃ አጥቦ የማያውቅ ልጅ ዛሬ አዘነልኝ።»

ሃምሳ አለቃው ወደ ሞላ ዞረ። «አንተስ ትጾማለህ?»

«እኔ? ጾም የአድኃሪያን ነው፣ ጓድ!»

ሃምሳ አለቃው ሦስቱንም ሬሳው ዙሪያ አስቀመጣቸው።

«ጭኮ እጅ ይቀባል። የሟች ጣት ግን ንጹሕ ነው፤ ቅቤ ቅቤም አይልም። ጢማቸው ላይ የደረቀው ተልባ ነው። መርዙን የጠጡት በተልባ ነው ማለት ነው፤ ጭኮው ተመርዞ የቀረበው ከሞቱ በኋላ ነው። አቅራቢው የዚችን ልጅ ጉራ ሰምቷል። ‹እጃቸው ሥር አገኙት፣ በሉት፤ ያስቀመጠችውም እሷ ናት› እንድንል ፈለገ። ግን ዛሬ ረቡዕ ነው! እትዬ አረጋሽ ይጾማሉ። መዲና ባትጾመውም የጾሙን ወጥ የምትሠራው እሷ ናት። ረቡዕ የጾም ቀን መሆኑን የዘነጋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ብርጭቆ ያጠበውም እሱ ነው።»

ሞላ በሩን አየ። ዝግ ነው።

«ጦር ሜዳ ሄጄ ከምሞት ብዬ...» አለ። እትዬ አረጋሽ እሪ አሉ።

ሞላ ታስሮ ሲወጣ የመዲና ትንፋሽ ተመለሰ፤ ምላሷም አብሮ።

«አላልኩም? ገዳዩ እንኳ የሠራው በኔ ዘዴ ነው! ሰው የሚበላው በዓይኑ ነው!»

«ዝም በይ!» አላት ሃምሳ አለቃው። «ያንን ጭኮ ዓይናቸው ላይ ብትለጥፊውም ዛሬ አይነኩትም ነበር። ያዳነሽ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ካቴናው ያንቺ ነበር።»