ከኋላ የተቀመጠው ሰው ማስክ አላደረገም

ይህ ታሪክ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እኔም ለማሳመን ማንንም አልለማመጥም።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ኦገስት 2021፣ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን፣ ከምኖርበት ፎቅ በር ላይ።

ኤርጎጌ እባላለሁ። ጀፕ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ዱካሞ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የጥቁሮች ሰፈር በቴምቢሳ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። እንደሌሎቹ ልጆች ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ይሸጣል፣ እዚያው ከዕቃው መሀል ይተኛል።

በዚያ ሰሞን ኮሮና ይዞት እኔ ቤት አመጣሁት፤ ከዚያ ሆስፒታል ገባ። አምቡላንሱ ሲመጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ከራሴ አልጋ ላይ ብርድ ልብሴን ገፍፌ ጠቀለልኩት።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጠያቂ አይገባም።

ሆስፒታሉ የሚደውለው ለጋሽ ምሕረቱ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ወረቀታቸውም እንግሊዝኛቸውም ከእኛ ይሻላል። በደወልኩ ቁጥር "ደህና ነው ልጄ፣ እየተሻለው ነው" ይሉኛል።

ቅዳሜ ማታ ግን እሳቸው ደወሉ።

"ልጄ፣ ነገ ወጣ ብለን አየር እንቀበል። አስጎብኚ ያለው ሚኒባስ ተከራይተናል። አጭር ጉብኝት ነው፣ እስከ ማጋሊስበርግ ተራራ ደርሶ መልስ።"

"ጉብኝት?" አልኩ።

የእኛ ሰው እዚህ አገር ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ነው። ተራራ ለማየት ብሎ ቤንዚን ያቃጠለ ሐበሻ እኔ አይቼ አላውቅም።

"ዱካሞ ተኝቶ እኔ ተራራ ላይ ልንሸራሸር?"

"እሱም ደስ ይለዋል" አሉኝ።

እሺ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። አስጎብኚው ቴቦጎ ይባላል። እሱው ሹፌር፣ እሱው አስጎብኚ ነው። ማይክራፎኗን ጉንጩ ላይ ለጥፏል። "ሳኒቦናኒ!" ብሎ ሁላችንንም ሰላም አለና እጃችን ላይ ሳኒታይዘር አፈሰሰልን። ሁላችንም ማስክ አድርገን ገባን።

ገና ከመነሳታችን ነገሩ ደስ አላለኝም።

አብራኝ የምትኖረው ፅናት የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችልኝ። ፅናት! ታክሲ ውስጥ ለመስኮት ስትል ከእኔ ጋር የምትጣላዋ ፅናት።

ፎቶ የሚያነሳ የለም። ሐበሻ ሽርሽር ወጥቶ ስልክ ከኪሱ አያወጣም?

ሁሉም ጥቁርና ግራጫ ለብሰዋል። የአንዷ ሴት ፌስታል ክፍት ነበር፤ ከውስጡ ነጠላ አየሁ።

እናንተ እስካሁን ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም። ሰው በራሱ ላይ ሲመጣ አይታየውም።

ከተማውን ለቀን ወጣን። ሣሩ ቢጫ ሆኗል፤ ቦታ ቦታው ላይ ሰደድ እሳት በልቶት ጠቁሯል። ቴቦጎ ስለ ድንጋዮቹ ዕድሜ፣ ስለ ወፎቹ እያወራ ይነዳል። የሚሰማው የለም።

በመሀል ንግግሩን አቆመ። በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ።

"ጌታው፣ እዚያ ከኋላ... እባክህ ማስክህን አድርግ።"

ሁላችንም ዞርን።

የመጨረሻው ወንበር ባዶ ነበር። የውኃ ካርቶንና ቦርሳዎች ብቻ ተደርድረውበታል።

"ለማን ነው?" አልኳት ፅናትን።

"እኔ... እንጃ" አለች። እጄን ያዘችው።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላ ሳል ተሰማ።

ያን ጊዜ ሳል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። አንድ ሰው ቢያስል አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይገላመጣል። አሁን ግን ማንም አልዞረም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ያያል። ጋሽ ምሕረቱ ከንፈራቸው ከማስኩ ስር ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

አንዲት የገበሬ ሱቅ ጋ ለሻይ ቆምን። ቴቦጎ በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አወረደን። ከዚያ በሩን ይዞ ቆመ... ይጠብቃል።

"ወንድማችሁ አይወርድም?" አለ።

"የትኛው ወንድማችን?" አልኩት።

"ብርድ ልብስ የለበሰው። በርዶት ይሆናል፣ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

እንግዲህ እኔ ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ምን ዓይነት ብርድ ልብስ?"

"ቡኒ ነው። አንበሳ አለበት። አንዱ ጥግ ተቃጥሏል።"

የእኔ ነው።

ጥጉን ሂተር ነው ያቃጠለው። አምቡላንሱ ሲመጣ ከአልጋዬ ላይ የገፈፍኩት እሱን ነው።

ጋሽ ምሕረቱን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ልጁ ይቀልዳል፣ ተይው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ቴቦጎ ግን አልሳቀም።

እኔ የሚደበቅብኝን ነገር አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ እናቴ "የአንቺና የዱካሞ እምቢታ ከአንድ ጡት የተጠባ ነው" ትለኝ ነበር። ተመልሰን ስንገባ ወደ ወንበሬ አልሄድኩም። ወደ ኋላ አለፍኩ።

ፅናት ቀሚሴን ያዘች። "በእናትሽ... እዚያ አትሂጂ።"

"ለምን?"

ቀሚሴን ይበልጥ ጨበጠችው።

"እንግዲያው ልቀቂኝ።"

ሄድኩ። ቦርሳዎቹና የውኃው ካርቶን ወደ አንድ ጎን ተገፍተው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተለቆ ነበር። ማን ገፋቸው? ከቦታው ጎን ተቀመጥኩ። የሆስፒታል ሽታ ሸተተኝ።

ምንም አይታየኝም። እጄን ቀስ አድርጌ ባዶው ወንበር ላይ አሳረፍኩ...

ይሞቃል።

አልጮህኩም። እጄንም አላነሳሁም። እንደዚያው እንደሆንኩ ተራራው አናት ደረስን።

ቴቦጎ ስለ ተራራው ሊያወራ አፉን ሲከፍት ጋሽ ምሕረቱ በእጃቸው አስቆሙት። ሁሉም ወርደው ክብ ሠሩ። ነጠላዎቹ ከየፌስታሉ ወጡ። እኔን መሀል አስገቡኝ።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ምሕረቱ። "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም..."

"ጋሼ፣ መቼ?"

ደነገጡ። መርዶ የሚነገረው ሰው እንዲህ አይልም።

"ሐሙስ" አሉ።

"ዛሬ እሁድ ነው!"

"ልጄ፣ ጀፕ ላይ ብንነግርሽ ፎቁ ሁሉ ፖሊስ ይጠራብናል። ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው። እዚህ ሜዳ ላይ እንደ ልብሽ ጩኺ ብለን ነው። የሚሰማሽ የለም።"

የሽርሽሩ ነገር ይኼው ነበር። ማስጎብኘታቸው ማስለቀሻ ሜዳ ፍለጋ ኖሯል።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ፅናት መሬት ላይ ወደቀች። ሁሉም እኔ እስክጮህ ይጠብቃሉ።

ዱካሞዬ። ሃያ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ነገር ግን እምቢ አልኩ። በተሰጠኝ ሜዳ ላይ፣ በተፈቀደልኝ ሰዓት አላለቅስም አልኩ።

"ከእኔ ደብቃችኋል" አልኳቸው። "ለእሱስ ነግራችሁታል?"

ለቅሶው ቆመ።

"ምን አልሽ?" አሉ ጋሽ ምሕረቱ።

"ለዱካሞ። መሞቱን ማን ነገረው?"

የሰሙት ነገር እንደነበር ዓይናቸው ይናገራል። ሳሉን ሁሉም ሰምተዋል።

ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ። ቴቦጎ መሪው ላይ ተቀምጦ ስፖኪዮውን ያያል። ላብ ፊቱን አጥቦታል።

"አሁንም አለ?" አልኩት።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

በሩ ላይ ቆሜ በራሳችን ቋንቋ፣ እናታችን በምትጠራን ቋንቋ፣ ለወንድሜ መርዶውን ነገርኩት። ሐሙስ ዕለት ሞተሃል አልኩት። የደበቁብህ እነሱ ናቸው፣ እኔ አላወቅሁም አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተቋረጠም።



"ምን አለ?" አልኩ።

ቴቦጎ ስፖኪዮውን ደግሞ አየ። "እምቢ እያለ ነው። ራሱን ይወዘውዛል።"

እንባዬ መጣ፣ ሳቄም አብሮ መጣ። የእኔ ወንድም እንጂ ሌላ ማን ይሆናል!

"ሲስ፣ እህቴ... በዙሉ ቋንቋ እያወራኝ ነው" አለ ቴቦጎ። "ሱቁን መክፈት አለብኝ ይላል። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ይላል።"

ዱካሞ ሱቅ እንዳለው ለቴቦጎ የነገረው ሰው አልነበረም።

"ቴምቢሳ ንዳ" አልኩት።

ጋሽ ምሕረቱ በሩን ያዙ። "ልጄ፣ ይህ የጠላት ሥራ ነው! ቆመን እንጸልይ!"

"ይጸልዩ ጋሼ። ግን እየሄድን ይጸልዩ። ወንድሜን እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ጥዬው አልሄድም።"

ምን ያድርጉ? መኪናው አንድ ነው። ሁሉም ገቡና ከፊት ተጨናንቀው ተቀመጡ። አንድ ሜትር ተራራቁ የሚለውን ሕግ በዚያ ቀን ያስታወሰው የለም። ከኋላ እኔ ብቻ ነኝ። እኔና እሱ።

መንገዱን በሙሉ አወራሁት። እናታችን ምን እንደምትሆን ጠየቅሁት። ለምን አልጠበቅኸኝም ብዬ ተቆጣሁት። አለቀስኩም። ማንም ሳያስለቅሰኝ ለራሴ አለቀስኩ።

ቴምቢሳ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ ሙዚቃ ይሰማል። ሱቁ እንደተዘጋ ነው። ከውጭ ትልቁ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ሲታመም ወደ ቤቴ ስወስደው የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው።

ቴቦጎ ወርዶ የሚኒባሱን በር ከፈተ። ጠበቀ። ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ለሆነ ሰው መንገድ ለቀቀ። ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

"ወርዷል" አለኝ። "ሲስ፣ ማስኩን ግን እስካሁን አላደረገም።"

ወደ ሱቁ ሄድኩ። ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። ጓጉንቸሩን ገና ሳልነካው...

ከውስጥ ድምፅ ተሰማ።

መቀርቀሪያው ነው። ዱካሞ ሌባ ፈርቶ ያሠራው፣ ከውስጥ ብቻ የሚዘጋው የብረት መቀርቀሪያ። ሲንሸራተት ጥርስ ያፋጫል። አውቀዋለሁ።

ጓጉንቸሩን ከፈትኩ፣ በሩን ገፋሁት። አልከፈት አለ።

"ዱካሞ" አልኩ። "ኤርጎጌ ነኝ።"

ከፍርግርጉ ኋላ ያለችው የመሸጫዋ መስኮት መዝጊያ ተንቀጠቀጠች። አንድ መዳፍ ያህል ከፍ አለች። ውስጡ ጨለማ ነው።

ከጨለማው ውስጥ የሳኒታይዘር ጠርሙስ በፍርግርጉ መሀል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ተገፋ።

ዱካሞ ኮሮና ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ነበር። እጁን ላላጸዳ ደንበኛ ክብሪት እንኳ አይሸጥም።

ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ሁሉም ወደ ሚኒባሱ እየሮጡ ነው። ጋሽ ምሕረቱም ጭምር።

እኔ ግን መዳፌን ዘረጋሁ።

ጠርሙሱ ተጫነ። ቀዝቃዛው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ሁለቱን እጆቼን አሸሁ፣ እሱ እንደሚወደው እስከ ጣቶቼ መሀል ድረስ።

ያን ጊዜ መቀርቀሪያው ተከፈተ።

ገባሁ። ማንም አልነበረም።

ሱቁን ሽጪው አሉኝ። የተጸለየበት ዘይት ቅቢው፣ አቃጥዪው፣ ወደ ጀፕ ተመለሺ ያሉኝም አሉ። እምቢ አልኩ። ዛሬም ቴምቢሳ ነኝ፤ ከፍርግርጉ ኋላ ቆሜ እሸጣለሁ፣ ከዕቃው መሀል እተኛለሁ። መርዶውን ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ አንድም ቀን ሳልደብቅ።

ፈርተሽ አታውቂም ወይ ለምትሉኝ፣ እፈራለሁ። በተለይ አመሻሽ ላይ። ደንበኛ ሲያልቅ በሩን ገጠም አድርጌ አልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ።

መቀርቀሪያውን ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ዘግቼው አላውቅም።

ሲመሽ ግን... ይዘጋል።