ድምጿን ያግባ

ልጄን ሕሊናን የወደዳት ሰው መጀመሪያ የወደደው ድምጿን ነው። ያባረራት መሥሪያ ቤትም የፈለገው ድምጿን ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ሁለቱንም እኩል ጠልቻቸው ነበር።

ሕሊና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈለገች። በኋላ «ልባም» የሚባል የአዲስ አበባ ድርጅት ደብረ ማርቆስ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ተቀጠረች። ቢሮው ከመናኸሪያው ባሻገር ባለው አዲስ ፎቅ ላይ ነበር። ሥራው የገበሬ ስልክ መመለስ ነው። ገበሬው ይደውልና ጤፌን ምን መታው፣ ላሜ ለምን ሆዷ ተነፋ፣ ምርጥ ዘር መቼ ይመጣል ይላል። እሷ ትሰማለች፣ መልሳ ትጠይቃለች፣ ታስረዳለች። አንዳንዱ ጉዳዩን ጨርሶ ስለ ልጁ ጋብቻ ያማክራታል፤ እሱንም ትሰማለች።

እኔ ገበያ ላይ ጌሾ እሸጣለሁ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን።

ዓመት ሳይሞላ ሥራው ተለወጠ። ሥራ አስኪያጁ አቶ መሳፍንት ከአዲስ አበባ መጣና ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ስልክ የሚመልስ ማሽን እየሠራን ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል፣ እናንተ ታስተምሩታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ሸክማችሁን ያቀልላችኋል አላቸው። «እኛ መሥሪያ ቤት አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን» አለ። የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ካናቴራም አደላቸው። ሕሊና ያንን ለብሳ ስትመጣ፣ «ቤተሰብ ከሆናችሁ ባለፈው ስትታመሚ ማን መጣ?» አልኳት።

ሳቀች። «እማዬ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው።»

«ቴክኖሎጂ አጥሚት አይሠራም?»

ለማሽኑ ድምፅ የተመረጠችው እሷ ነበረች። መስታወት ባለው ትንሽ ክፍል ገብታ ዓረፍተ ነገር ታነባለች። ከመስታወቱ ማዶ አንተነህ የሚባል ልጅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ይቀዳል። የዲማ ልጅ ነው፤ አባቱ የቅኔ መምህር ነበሩ። ማሽኑን የሚያሠለጥነው እሱ ነው።

አንድ ቀን፣ «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎ?» የምትለዋን ደጋግሞ አስነበባት።

«አሁንም ልድገመው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ቅድምም አንድ ጊዜ ነበር ያልከው።»

«ቅድምም ጥሩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ታደክመኛለህ?»

በመስታወቱ አያት፤ እሷም አየችው። ክፍሉ የውጭ ድምፅ አያስገባም፤ የገዛ ልቤን ሰማሁት ብላ በኋላ ነግራኛለች። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ አስቀመጠና በሩን ከፈተው።

«ያለዚህ ልሰማሽ ፈልጌ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት በእግሯ መምጣት ጀመረች። ባጃጅ ለምን ተውሽ ብላት፣ መራመድ ለጤና ጥሩ ነው አለች። ከዚያ በፊት ስለ ጤናዋ ተጨንቃ አታውቅም፤ ስለ ጤናዋ የምጨነቀው እኔ ነኝ። አንድ ምሽት ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ አየኋቸው። በመካከላቸው ጭነት የያዘች አህያ የምታልፍበት ቦታ ትተው፣ ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ይሄዳሉ። ሁለት ወጣቶች እንደዚያ ተራርቀው ሲሄዱ ነገሩ ያለቀ ነው።

አንተነህ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ መሪጌታ አካለ ወልድ ሌሎች አዛውንቶችን አስከትለው ከዲማ መጡ። ወንድሜ ይስማው ተቀበላቸው። በወጋችን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «እንምከርበት፣ ከመስቀል በኋላ ተመለሱ» አልናቸው። የእኔ ልብ ግን እሺ ብሎ ነበር።

መስቀል ሳይደርስ አንድ ጠዋት ሕሊና ካርዷን የቢሮው በር ላይ ብታስነካው በሩ አልከፈት አላት። ከኋላዋ የመጡትም ሞከሩ። ደረጃው ላይ ተሰብስበው ሳለ የሁሉም ስልክ ባንድ ላይ ጮኸ። «ውድ የቤተሰባችን አባላት፣ ልባሜ ለሥራ ስለ ደረሰች አብረን ያደረግነውን ጉዞ በምስጋና እናጠናቅቃለን። መልካም ዕድል» ይላል። ልባሜ ማሽኗ ናት።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። የከፈተው አንተነህ ነበር። የሱ ካርድ ይሠራል።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ካርድ በመዳፉ ሸፈነው።

«አንተነህ፣ ታውቅ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር። ምዬ ነበር፣ ሕሊና። ለመሳፍንት፣ ዲማ ጊዮርጊስን ብዬ። ዝም ካልክ እሷን አስቀርልሃለሁ አለኝ።»

«ታዲያ አስቀረኝ?»

«ድምፅሽን ነው ያስቀረው።»

ደረጃውን ወረደች።

ቤት ስትገባ አላለቀሰችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ንግግር ተወች። ጎረቤት ሰላም ሲላት አንገቷን ነቅንቃ ታልፋለች። አንተነህ ሲደውል ስልኩ ጮኾ ጮኾ ይተዋል። እኔ በበኩሌ አንድ ጠዋት የድርጅቱን ቁጥር ደወልኩ፤ ሥራ አስኪያጁን ልሰድበው ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎ?» አለችኝ ልጄ።

ልጄ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቀና ብላ አላየችኝም። እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሷ አላውቅም። ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂሜን እንደ ጌሾ እወቅጠው ጀመር።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው እሑድ ጠዋት ተመለሱ። በወጉ መሠረት ቆሙ፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ይስማው ሊናገር ሲል እኔ ቀደምኩት።

«መሪጌታ፣ ልጃችሁ የሚወስደውን ወስዷል። ከእኔ ቤት ምን ቀረው?»

«ምን ወሰደ፣ እመት ማሬ?»

«ይስሙት።» ቁጥሩን ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎ?»

መሪጌታ ወደ ጓዳው ዞር ብለው አዩ። ሕሊና እዚያ እንዳለች ያውቃሉ።

«ከጓዳ አይደለም፣ ከዚህ ነው» አልኳቸው። «ድምጿን ወስዷል፣ ድምጿን ያግባ። ሽምግልናውንም ለሷ ያቅርቡላት። አትተኛም፣ አትታመምም፣ ደመወዝ አትጠይቅም። ለልጃችሁ ከዚህች የምትሻል ሚስት ከየት ትገኛለች?»

ይስማው በኀፍረት አንገቱን ደፋ። መሪጌታ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ከዲማ የመጣን ሽማግሌዎች ነን። ልጃችን አንተነህ ሊያገባሽ ይወዳል። ፈቃድሽ ነው ወይ?»

ማሽኗ በልጄ ድምፅ፣ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል። የጤፍ ምርጥ ዘር በሦስት ቀን ውስጥ ይደርስዎታል» አለች።

መሪጌታ ቀና አሉ። «እንግዲህ ተፈቀደልን» ብለው ተቀመጡ። የቀሩትም ተቀመጡ። «ዘሩም ምርቃት ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«በእኔ ሐዘን ይቀልዳሉ፣ መሪጌታ?»

«አስተውሎት አላት ተብሎ ነው እንጂ፣ እመት። እኛ ቅኔ ቤት፣ ያልገባው ተማሪ አልገባኝም ይላል። ይህችን አልገባኝም ማለት ሳያስተምሯት አስመረቋት።»

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። ልጄ ናት። ከተባረረች ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ የለም።

«እሱ የት ነው?» አለች።

«ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይመጣም፤ ወጉ አይደለም» አለ ይስማው።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። አልሰማም ብሎ ተከተለን።»

ወጣች። እኔም ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አንተነህ ከስቷል። ልብሱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። እጁ የአጥሩን እንጨት ይዟል።

«ድምፄን መልስልኝ» አለችው።

«ካጠፋሁት ያባርሩኛል። ይከሱኝ ይሆናል።»

«እኔ ስባረር ማን ከሰሰልኝ?»

እሷ እጁን ታያለች፣ እሱ ፊቷን ያያል።

«ባጠፋውም ሌላ ልጅ አምጥተው ይቀዳሉ» አለ በመጨረሻ። «ማጥፋት አይበቃም። ቅዳሜ ማሽኗን ሊገዙ የሚመጡ ትልልቅ እንግዶች አሉ፤ መሳፍንት አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት ደውሎ ሊያሳያቸው ነው። መስመሩ በእኔ እጅ ነው። ወደ ማሽኗ ሳይሄድ ወደ አንቺ ስልክ ላዞረው እችላለሁ።»

«መሐላህስ?»

«የማልኩት እስክትባረሩ ዝም ልል ነው። ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ደግሞ አንቺን አጣሁ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ይቅርታ አልነበረም፤ ጥላቻም አልነበረም።

«ስልኬን ከፍቼ እጠብቃለሁ» አለች። «ስለ ሌላው ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።»

ለሽማግሌዎቹም መልሳችንን ከቅዳሜ በኋላ ትሰማላችሁ አልናቸው። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁን ፖሊስ ቢይዘው፣ ልጄንም አብረው ቢከሱብኝ እያልኩ እገላበጣለሁ። ተዉት ማለት ግን አልፈለግኩም። ቂሜ ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ቅዳሜ ገበያዬን ትቼ አዳራሹ ሄድኩ። መሳፍንት ወንበሩ እንዲሞላ ገበሬውንም ነጋዴውንም ምሳ አለ ብሎ ጠርቶ ነበር። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። አንተነህ መድረኩ ጥግ ኮምፒውተሩ ጋ ቆሟል።

«ልባሜ አትደክምም» አለ መሳፍንት። «ፈቃድ አትጠይቅም፣ አታኮርፍም፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ አትልም። የወደፊቱ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገብቷል።» እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሱም ደወለ።

«እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎ?» የሚለው ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ልባሜ፣ ራስሽን ለእንግዶቻችን አስተዋውቂ።»

«እሺ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። የጣድኩት ወጥ እንዳያርብኝ እየተጣደፍኩ ነው፤ ቶሎ ይጠይቁኝ።»

ሳቅ ሆነ። መሳፍንትም ሳቀ። «አያችሁ፣ ቀልድ ሳይቀር ታውቃለች። ልክ እንደ ሰው።»

«ሰው ያውቃሉ፣ አቶ መሳፍንት?»

«እንዴት አላውቅም» አለ፣ ወደ እንግዶቹ በዓይኑ እየጠቀሰ።

«ቤተሰብ ነን ብለውን ነበር። ይህን ድምፅ ስቀዳ መጥተው እጄን ጨብጠውኛል። ስሜ ማን ነው?»

መሳፍንት ወደ አንተነህ ዞሮ ዝጋው በሚል እጁን አወናጨፈ። አንተነህ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«የእኔ ከከበደዎ ይቅር» አለች ሕሊና። «ደረጃው ላይ አቁመው በስልክ መልእክት ካሰናበቷቸው ልጆች የአንዱን ይንገሩኝ። የፈለጉትን። የአንዱን ብቻ።»

መሳፍንት አንድም ስም አልመጣለትም።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ይህች ማሽን ናት ሰው?» ብሎ ጠየቀ።

ተነሣሁ። «ሰው ናት» አልኩ። «ሕሊና ትባላለች። እኔ ወልጃታለሁ።»

ከኋላ አንድ ገበሬ፣ «ማሽኗማ ሌላ ናት። ላሜ ታመመችብኝ ብላት እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹ ለምሳ አልቆዩም። መሳፍንት ከመኪናቸው መስኮት ወደ መስኮት እየሮጠ ያስረዳል፤ አንዳቸውም መስታወት ዝቅ አላደረጉለትም። በሰው ውርደት ደስ አይባልም ይላሉ። የእኔ አንጀት ግን ቅቤ ጠጣ።

አንተነህ ከአዳራሹ ሲወጣ በሩ ላይ አገኘሁት። አንገቱ ላይ ካርድ የለም።

«ምን አሉህ?»

«ወሰዱብኝ። መሳፍንት ጠበቃችንን ጠብቅ አለኝ። እማማ፣ አሁን እኔም ሥራ የለኝም። ሽማግሌዎቹ እንዲተዉት እነግራቸዋለሁ። ሥራ ሳይኖረኝ ልጅዎን ይስጡኝ አልልም።»

ለሱ ያዘጋጀሁት ብዙ ክፉ ቃል ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስመርጠው የሰነበትኩት። አንዱም አልወጣልኝም። ስልኩ እጁ ላይ በርቶ አየሁት፤ የሕሊናን መስመር ወደ ራሱ ስልክ አዙሮት ኖሮ አልተዘጋም ነበር።

«አንተነህ» አለች ልጄ ከስልኩ።

«አቤት።»

«እማዬ አጠገብህ ናት?»

«ናት።»

«ይዘሃት ና። ወጡ ደርሷል።»

እዚያው ቆሞ ቀረ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ወደ ሌላ ዞርኩለት። ከዚያ ባጃጅ አስቆመ። ቦታውን ሁሉ ለእኔ ለቅቆ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ ገላው ውጭ ነው። ላናግረው አላሰብኩም ነበር፤ ዝምታዬን ትንሽ ይቅመሳት ብዬ። ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ሲያዘነብል ግን ክንዱን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ወደ ውስጥ ጠጋ በል እንጂ» አልኩት። «ወድቀህ ለልጄ ምን ልበላት?»