ሞተሩ የሚጠፋበት ዳገት

የአቶ ወልደዮሐንስ አስከሬን የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ ከወናጎ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው ዳገት ላይ ነው። መጀመሪያ ያዩት ወደ ቤተክርስቲያን የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ። አሮጌዋ ሰማያዊ ፒካፕ የመንገዱን ጥግ ይዛ ቆማለች፤ ኮፈኗ ተከፍቷል፤ ባለቤቷ ከፊት ጎማዋ አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም።

ለትራፊክ ፖሊሱ ነገሩ ግልጽ ነበር። ያቺ መኪና መንገድ ላይ ድንገት እንደምትጠፋ ከዲላ እስከ ፍስሐ ገነት ያልሰማ የለም። ሰውየው ሞተሯን ሊያይ ሲወርድ በጭጋግ የሚበር መኪና ገጭቶት አመለጠ፤ በቃ።

ሐኪሙ ግን አልተዋጠለትም። ኢንስፔክተር እታገኝም የተጠራችው በዚሁ ምክንያት ነው። እታገኝ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ጥያቄዋ አጭር ሴት ናት። አባቷ በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ልጅነቷን ያሳለፈችው ጋቢና ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

«አንድ ምት ብቻ ነው፤ ማጅራቱ ላይ» አለ ሐኪሙ።

«እግሩስ? ዳሌው?»

«ጭረት እንኳ የለውም።»

«የቆመን ሰው መኪና ሲገጨው ቀድሞ የሚያገኘው እግሩን ነው» አለች እታገኝ። «ይህን ሰው የመታው ከጀርባው የቆመ ሰው ነው። ሰው ደግሞ በጭጋግ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ ለማያውቀው ጀርባውን አይሰጥም።»

ሟቹ ዲላ ይኑር እንጂ ከዳገቱ ማዶ ባለችው በባንኮ ጎቲቲ የቡና አምራቾች ሊቀመንበር ነበር። ባለቤቱን ወይዘሮ መሰለችን እታገኝ ያነጋገረቻት ከቀብር በኋላ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ነው።

«ቅዳሜ ማታ እራቱን አልበላም» አለች መሰለች። «ምን ሆንክ ብለው ‹ወንድሜ አሳፈረኝ› አለኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ባንኮ ተነሳ።»

«ወንድም አለው እንዴ?»

መሰለች አቀርቅራ የነጠላዋን ጫፍ መቋጠር ጀመረች። እታገኝ አላስጨነቀቻትም።

«መኪናዋ ምን ነበር የሚያማት?»

«እንጃ። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ወናጎን አልፋ ዳገቱን ስትይዝ ትጠፋለች። ቆመን ቆመን ሲመሽብን ደግነት ጋ እንደውላለን። እሱ አንድ ቀን ጥሎን አያውቅም። ይመጣና ‹ቤንዚን አላት?› ብሎ ታንኩን ከፍቶ ያያል፤ ይዘጋል፤ ከዚያ ሞተሩን ትንሽ ሲነካካው ትነሳለች። እጁ የተባረከ ነው እንል ነበር።»

ደግነት የባንኮ ጎቲቲ ቡና ማጠቢያ ኃላፊ ነው። በልጅነቱ ወላጆቹን ሲያጣ ያሳደገችው የወልደዮሐንስ እናት ናት፤ ሁለቱ በአንድ ሰሃን በልተው አድገዋል። መኪና እንኳ የገዙት አንድ ዓይነት ፒካፕ ነው።

እታገኝ ቀጥላ ያገኘችው መካኒኩን ጎሹን ነው። ዓርብ ዕለት ጎሹና ሟቹ በሰው ፊት ተጨቃጭቀው ነበር።

«አዎ፣ ‹ታታልለኛለህ› ብሎ ሰድቦኛል» አለ ጎሹ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እኔም መልሼለታለሁ። ፓምፑን ለወጥኩ፤ ኮይሉን ለወጥኩ፤ ካርቡራተሩን አጠብኩ። እኔ ጋ ስትመጣ አትጠፋም! ዲላን ዞሬባታለሁ፤ ምንም የለባትም። ያላየሁትን በሽታ እንዴት ላክም?»

ሦስተኛው እስክንድር ነበር፤ የሟቹ የእህት ልጅና የዩኒቨርሲቲ መምህር። አብራው የምታስተምረውን ሀምዲያን ላግባ ሲል አጎቱ በሃይማኖት ምክንያት እምቢ ብሎት ተኳርፈዋል።

«ጠልቻቸው ነበር ካልሽኝ፣ ተቀይሜያቸው ነበር» አለ እስክንድር፣ ዓይኑ እየቀላ። «ሳንታረቅ መሞታቸው ነው የሚያንገበግበኝ። አስከሬናቸው ሲነሳ መኪናቸውን እየነዳሁ ወደ ዲላ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጠፋችብህ?»

«የለም። አንድ ጊዜም።»

እታገኝ ቁልፉን ተቀብላ ራሷ ተሳፈረች። ወናጎን አለፈች፤ ዳገቱን ወጣች፤ ይርጋጨፌን ተሻግራ እስከ ፍስሐ ገነት ነዳች፤ ተመለሰች። ሞተሩ እንደ ሰዓት እየቆጠረ አደረሳት። ለሁለት ወር መካኒክን ያቃተው በሽታ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ሞቷል። በሽታ ደግሞ በራሱ አይሞትም፤ የፈወሰው ሰው አለ።

መኪናዋን ከዲላ ፖሊስ ግቢ አቁማ ዞራ ዞራ አየቻት። ገላዋ በቀይ አፈር ተለብጧል። የነዳጅ ክዳኗ ብቻ በአመድማ ዘይት የወየበ ነው፤ ቀይ አፈር አልነካውም፤ ጠርዙ ላይም የብየዳ ጠባሳ አለበት።

ደግነት ሲጠራ ሳይዘገይ መጣ። ሐዘኑ ፊቱን አጥቁሮታል።

«ያን ጠዋት አልደወለልኝም» አለ። «ቢደውልልኝ ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር። እኔ ከቤቴ አልወጣሁም።»

«ወደ ባንኮ ለምን እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«ለስብሰባ ይመስለኛል።»

እታገኝ እስከ በሩ ሸኘችው። የደግነት ፒካፕ የነዳጅ ታንክ አፍ በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል።

«ክዳኑስ?»

«መንገድ ላይ ወደቀብኝ። ለአሮጌ መኪና ዕቃ ዲላ ውስጥ የት ይገኛል ብለሽ ነው?»

በማግስቱ ባንኮ ጎቲቲ ወጣች። በማጠቢያው የሚሠራው ሲላስ መጀመሪያ ፈራ፤ ኋላ ግን ተናገረ። ደግነት ከቆላ በጭነት መኪና የሚመጣ ቡና በሌሊት እያራገፈ ከባንኮ ቡና ጋር ያቀላቅል ነበር፤ በገበሬው ስምም ይሸጥ ነበር። ወልደዮሐንስ ሐሙስ ዕለት በዓይኑ አይቶታል። አልጮኸም። ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ እታገኝ አራቱንም ጠራቻቸው። መሰለችን፣ ጎሹንና እስክንድርን በሟቹ ፒካፕ አሳፈረች፤ ደግነት ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከኋላ ተከተለ። ወናጎን አልፈው ዳገቱ አጋማሽ ላይ እንደደረሱ ሞተሩ አንገራገረ፤ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈና ጠፋ።

መሰለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይኸው ነው። ልክ እንዲህ ነው የምትሆነው።»

ሁሉም ወረዱ። እታገኝ ወደ ደግነት ዞረች። «እጅህ የተባረከ ነው አሉ። እስቲ አስነሳት።»

ደግነት ኮፈኑን ከፈተ። ካንዴላ ነካ፣ ሽቦ ነቀነቀ፣ ቁልፍ አዞረ። ሞተሩ እምቢ አለ።

«ደግነት» አለች መሰለች፣ ግራ ተጋብታ። «ሁልጊዜ ታንኩን ቀድመህ ትከፍት የለ? ዛሬ ለምን ተውከው?»

እጁ ሽቦው ላይ እንዳለ ቀረ።

እታገኝ ወደ ኋላ ሄዳ ክዳኑን አዞረችው። ታንኩ ታፍኖ እንደቆየ ሰው «ፍስስስ» ብሎ ተነፈሰ። ክዳኑን ዘግታ ቁልፍ ስታዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ጎሹ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«የጠርሙስ አፍ ከንፈርህ ላይ ገጥመህ ብትስብ፣ አየር ካልገባበት ውሃው ይቆማል» አለች እታገኝ። «ታንክም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ሲሰጥ በምትኩ አየር ይፈልጋል። ለዚያ የተበጀችው ቀዳዳ ክዳኑ ላይ ናት፤ ለሁለት ወር አፈር ደፍኗት ኖሯል፤ ዛሬ በሰም የደፈንኳት ግን እኔ ነኝ። ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ስለሆነ አይታወቅም። ብዙ ቤንዚን ጠጥታ ዳገት ስትወጣ ግን ትታፈናለች። ጎሹ ያላገኘው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ጤነኛ ነበር።»

«ታዲያ ደግነት...» አለ እስክንድር።

«ደግነት ታንኩን በከፈተ ቁጥር ያን ትንፋሽ ይሰማል። በሽታውን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ግን ለማንም አልተናገረም። ያን እሑድ መኪናዋ እዚህ እንደምትቆም እርግጠኛ ሊሆን የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው። እዚህ መጥቶ ጠበቀ። ሟቹ ሲያየው ለእርዳታ የመጣ መስሎት ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ የተደፈነው ክዳን ከተገኘ በሽታውን እያወቀ መደበቁ ይጋለጣልና መነሳት ነበረበት። ምትክ ስላልነበረው የራሱን መኪና ክዳን ገጠመበት።» ክዳኑን ለጎሹ ሰጠችው። «ታውቀዋለህ?»

ጎሹ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ይሄ የኔ እጅ ነው። ጠርዙ ተሰንጥቆ የበየድኩት እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አየው። «ላንተ ነበር፣ ደግነት። ላንተ መኪና።»

ደግነት መካድ ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ መሰለች ላይ አረፈና ቃሉ ተሰበረ። «በገበሬው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ። «‹እሑድ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ? ከማጠቢያው ቢያባርሩኝ የት እገባለሁ?»

መሰለች ቀስ ብላ ቀረበችው።

«የሚሄደው ሊያዋርድህ አልነበረም» አለች። «ሊለምንልህ ነበር። ‹ያጠፋው ወንድሜ ነው፤ ጥፋቱ የኔም ነው፤ በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅለታለሁ› ብሎኝ ነበር። አንተ ራስህ እስክትናገር ለማንም እንዳላወራ አስምሎኛል። ሲሞትም ቃሉን ጠበቅኩ። አንተን እየሸሸግኩ መሆኔን አላወቅኩም።»

ደግነት መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

«ሬሳ ሳጥኑን ከፊት የተሸከምከው አንተ ነህ» አለች መሰለች። ድምጿ አልጨመረም። «ልጆቼ አንገትህ ላይ ተጠምጥመው ‹አጎቴ፣ አንተ አለህልን› ሲሉህ አቀፍካቸው። እኔ አንድ ጊዜ ተከዳሁ፤ እነሱን ሁለቴ ነው አባት ያሳጣሃቸው።»

ፖሊሶቹ አንስተው ወሰዱት። እስክንድር የአጎቱን ፒካፕ አዙሮ በሩን ከፈተላት። መሰለች ግን ጋቢናውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወደ ወናጎ በእግሯ መንገድ ጀመረች። እታገኝ ከጎኗ ሄደች። ከኋላቸው እስክንድር መኪናዋን በእርጋታ፣ ሞተሯን ሳያጠፋ ይከተላቸው ነበር።